ማስተር ኔታኒ ወደ ግሩፑ ሲገቡ

የርቀት ትምህርት ባለበት ሁሉ አንድ ሥርዓት አክባሪ አለ። ሌላው ተማሪ «ፈተናው መቼ ነው?» ብሎ ጽፎ ሲጠፋ፣ እሱ የሁሉንም ቤተሰብ ጤና ሳይጠይቅ ነጠላ ሰረዝ አያስቀምጥም። ኢንተርኔት የተሠራው ሰው ቶሎ ቶሎ እንዲነጋገር ነው ሲባል ሰምቷል፤ ግን አላመነም። በእናንተም ግሩፕ ውስጥ ይህ ሰው አለ። ከሌለ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኔው ክቡር ማስተር ኔታኒ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት ነው። ከዋናው ደሴት ርቀው ባሕር ላይ ከተበተኑት የላው ደሴቶች በአንዷ ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጠባባቂ ዋና መምህር ናቸው፤ መጠባበቅ ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። የስልክ መስመር የሚያገኙት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ አናት፣ አንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ቆመው ነው። ዲግሪያቸውን ለመያዝ አንድ ኮርስ ቀርቷቸው ነበር። ያ ኮርስ የእኔ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ካላለፉ ትምህርት ቤቱን ከዋናው ደሴት ለሚላክ ባለ ዲግሪ ያስረክባሉ።

እኔ ዋናው ደሴት ላይ፣ ላውቶካ ከተማ ቤቴ ተቀምጬ የማስተምረው፣ መምህራን በማኅበራዊ ድረ ገጽ እንዴት እንደሚያስተምሩ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሠላሳ አንድ ሰዎች በሠላሳ አንድ ቦታ ተበትነው አንድ ዓረፍተ ነገር አብረው ሲያርሙ ማየት እስካሁን ያስደንቀኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በጉጉት «ስለ ራሳችሁ ሦስት መስመር ጻፉ» አልኩ።

ማስተር ኔታኒ አርባ አራት መስመር ጻፉ። ከመንደራቸው ቅድመ አያቶች ጀምረው የእያንዳንዱን ተማሪ ደሴት በማዕረጉ አሞገሱ። ከሥሩ ምንጣፍ ላይ የተጋደመ፣ ተወቅጦ ለእንግዳ ክብር የሚጠጣ የያንጎና ሥር ፎቶ ለጠፉ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። ትምህርቱን ትተውታል ብዬ ደወልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ኮረብታው ላይ አገኘኋቸው።

«ማስተር፣ ደህና ነዎት? ከትምህርቱ ወጡ እንዴ?»

«ኧረ ገና አልገባሁም ማዳም።»

«ስምዎ እኮ ግሩፑ ውስጥ አለ።»

«ስሜማ ገብቷል። እኔ በር ላይ ነኝ። ሥሩን አቀረብኩ፣ ማንም አልተቀበለኝም። ሳይቀበሉኝ ዘው ብዬ ልግባ?»

እውነታቸውን ነው። እንግዳ መንደር ሲደርስ የያንጎናውን ሥር ያስቀምጣል፣ ከባለቤቶቹ አንዱ አጨብጭቦ ይቀበለዋል፣ ከዚያ በኋላ ቤተኛ ነው። አያቶቼ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከህንድ በመርከብ የመጡ ቢሆኑም እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ይህን አላውቅም ልል አልችልም። ኮምፒውተሬ ፊት ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና መዳፌን አጉብጬ ሦስት ጊዜ አጨበጨብኩ፤ ግሩፑ ላይ የምለጥፈው ቪዲዮ እየተቀረጸ ነው። አማቴ ከማድቤት ብቅ አሉ።

«ለማን ነው የምታጨበጭቢው?»

«ለአንድ ተማሪ።»

«ምን አድርጎ?»

«ሊገባ ነው።»

«ጎሽ። ሲወጣ ደግሞ ልታለቅሺ ነዋ» ብለውኝ ተመለሱ።

ቪዲዮውን በለጠፍኩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ማስተር ኔታኒ ገቡ፤ የሁለት ሳምንት የቤት ሥራም አብሯቸው ገባ።

ቀጥሎ የጋራ ጽሑፍ ነበር። መሣሪያው ግሩም ነው፦ አንዱ የጻፈውን ሌላው ገብቶ ያቃናዋል፣ ማንም ባለቤት አይደለም። ነገር ግን በእነ ማስተር ኔታኒ መንደር ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ እጁን የሚዘረጋ ሁሉ «ቱሎው» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ክቡርነታቸው በዘዴ አሰቡበት፦ የማርመው ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አንቀጽ በላይ ከሆነ፣ እጄ ከሰውዬው ራስ በላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ባረሙ ቁጥር «ቱሎው» ብለው ጻፉ። በአራት ገጽ ውስጥ ስልሳ ስምንት ቱሎው ቆጠርኩ። እባክዎ ያጥፏቸው አልኩ። ኮረብታውን ወጥተው አንድ በአንድ አጠፏቸው፤ ለእያንዳንዷ ስረዛም አዲስ ቱሎው አስቀመጡ።

ላይክን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው። «አይቼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ ማለት ብቻ ነው» ብዬ አስተማርኩ። እዚህ አገር የሰውን ዕቃ ወደድኩት ማለት ስጠኝ ማለት መሆኑን ረሳሁት። ከካንዳቩ ደሴት የሚማረው ኬሌፒ የአሳማ ግልገሉን ፎቶ አወጣ፤ ማስተር ኔታኒ ላይክ አደረጉ። በወሩ መርከብ ግልገሉ ላው ደረሰ።

«ምን ላድርግ ማዳም?» አለኝ ኬሌፒ። «ሽማግሌው ወደድኩት አለ። አይቼ እንዳላየ ልሁን? እሱ የባሕር ኤሊ ነው፣ አያፍርም፤ እኔ ግን ሰው ነኝ።»

የኬሌፒና የማስተር ኔታኒ መንደሮች የጥንት አባታቸው አንድ ነው ስለሚባል፣ መሰዳደብ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅባቸውም ነው። ማስተር ኔታኒ በምላሹ ምንጣፍ ላኩለት። ኬሌፒ የምንጣፉን ፎቶ አወጣ። ዘጠኝ ሰዎች ላይክ አደረጉ። ያን ዕለት፣ ስለ ማኅበራዊ ድረ ገጽ በሚያስተምር ኮርስ ውስጥ ላይክን ከለከልኩ።

የመጨረሻው ሥራ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ የጓደኛውን ብሎግ አንብቦ ከሥሩ አስተያየት ይጽፋል። ከመቶው ሃያ አምስቱ እዚያ ላይ ነው። ማስተር ኔታኒ ከሰባ አምስቱ አርባ አራት አግኝተዋል፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ኮምፒውተሩ ታቬዩኒ ደሴት ከምታስተምር አካኒሲ ከምትባል ሴት ጋር አጣመራቸው። በማግስቱ ደወሉልኝ።

«ማዳም፣ አካኒሲ የአባቴ ወንድም ልጅ ናት።»

«ጥሩ ነዋ፣ ትተዋወቃላችሁ።»

«እህቴ ናት ማለት ነው።»

ያኔ ገባኝ። በእነሱ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ የአጎት ልጅም እህት ናት። ጠብ አይደለም፣ ትልቁ አክብሮት ነው። የሚባል ነገር ካለ በሰው ይላካል።

«አንድ መስመር ብቻ ይጻፉላት» አልኩ። «በኮምፒውተር እኮ ነው።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አክብሬያት ኖሬ፣ ለስድስት ማርክ ልድፈራት? ዲግሪው ይቅር።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«እሱም ይቅር» አሉ ቀስ ብለው።

ጥንዱ ይቀየርልኝ ብዬ የኮርሱን አስተባባሪ ጠየቅኩ። ሲስተሙ አይፈቅድም አለ። የማስረከቢያው ቀን ስድስት ቀን ሲቀረው በኬሌፒ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አየሁ፦ «ኬሌፒ፣ ልጆች በሥዕል ሲማሩ ቶሎ ይገባቸዋል ብሎ የጻፈ ሰው ታቬዩኒ አካባቢ ካለ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ማስረጃ ይጎድለዋል በልልኝ። ማስተር ኔታኒ።»

ወዲያው ኬሌፒ ከአካኒሲ ብሎግ ሥር ደረሰ። «እህት አካኒሲ፣ አንድ ኮረብታ ላይ የወጣ ሸርጣን ሦስተኛው አንቀጽሽ ባዶ ነው ይላል። የራሱ ጭንቅላት ባዶ ስለሆነ ባዶ ነገር ይለያል።»

አካኒሲ መለሰች፦ «ኬሌፒ፣ ለተናገረው ሰው ካለኝ አክብሮት ጋር፣ የስንተኛ ክፍል ልጆችን ማለቱ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ኬሌፒ ሲመላለስ ሌሎቹ ተከተሉ። አንዱ ማስረጃ አመጣ፣ ሌላዋ ተቃወመች። በስድስት ቀን ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት መልእክት ተጻፈ፤ አካኒሲ ጽሑፏን ሦስት ጊዜ አሻሻለች። በዘጠኝ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ያለ ውይይት አላየሁም። ሲስተሙም ቆጠረና ከማስተር ኔታኒ ስም ጎን ዜሮ ጻፈ፤ አካኒሲ ገጽ ላይ የእሳቸው የሆነ አንድ ፊደል የለማ።

አምስት ገጽ ማብራሪያ ለአስተባባሪው ላክሁ። ደወለልኝ።

«ለሴትዮዋ አንድ ቃል አልጻፈላትም እኮ።»

«አልጻፉላትም።»

«ታዲያ በምን ልቁጠርለት?»

«የመመዘኛውን የመጨረሻ መስመር ያንብቡልኝ።»

«'አስተያየቱ የጓደኛውን ሥራ አሻሽሏል' ይላል።»

«የአካኒሲን የመጀመሪያና የመጨረሻ ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርገው ይዩልኝ።»

ማውሱ ሲንቀጫቀጭ ብዙ ጠበቅኩ። «ይሄ ኬሌፒ የሚሉት ሰውዬ ግን አፉ አያርፍም?» አለኝ።

«አያርፍም።»

«ሃያ አንድ ስጪው።»

«ለኬሌፒ?»

«ለሽማግሌው።»

ኮረብታው ላይ እስኪወጡ እየጠበቅኩ አሥር ጊዜ ደወልኩ። «ማስተር፣ ስልሳ አምስት አግኝተዋል። አልፈዋል። ትምህርት ቤቱ የእርስዎ ነው።»

«እዚያ ታቬዩኒስ?» አሉኝ።

«ዘጠና አንድ።»

«እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ።»

«ማን አለሽ ልበላት?»

«ማንም አይበሏት። ይገባታል።»

ኮርሱ ካለቀ ስምንት ወር ሆነው፤ ግሩፑም ተዘግቷል። እኔ ግን ይኸው እመላለሳለሁ። የላው ካሳቫ ዘንድሮ እንዳማረ ለታቬዩኒ ተናገርኩ፤ የአካኒሲ ልጅ እንደታጨች ለላው አደረስኩ፤ ስለ ሥዕል ትምህርት የጀመሩት ክርክርም በእኔ በኩል አራተኛ አንቀጽ ላይ ደርሷል። አማቴ «ፖስታ ቤት ሆንሽልን» ይሉኛል። ሥራዬ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሁለቱም በጨዋ ቃል ልነግራቸው ባሰብኩ ቁጥር ስልኩ ይጠራና ብዕር አነሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ የሠርጉ ቀን መቆረጡን የሰማሁት ከኬሌፒ ነው። አካኒሲ ለማስተር ኔታኒ ያስነገረችው በእሱ በኩል ኖሯል።

«ቀልጣፋ ስለሆንኩ ነው ማዳም፣ አይቀየሙኝ» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ አላነጋገርኩትም፤ የምለው ካለኝ በሰው ነው የምልክበት።