"አለ፣ ቁጭ በል!" ያልኩ ዕለት

መርካቶ ያደገ ሰው ተቀጣሪ መሆን አይችልም! ቢፈልግም አይችልም። ምላሱ አይፈቅድለትም።

አትሳቁ፣ ደርሶብኝ ነው። መርካቶ ውስጥ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ክርና ዚፕ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ዘቢባ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናዋን ተክላ ትሰፋለች። ገበያው ሲቀዘቅዝ ሥራዬ ከዝንብ ጋር መፋጠጥ ሆነ። በደርግ ጊዜ መንግሥት ራሱ ሥራ ይመድብልህ ነበር አሉ። ከዚያ "ነፃ ገበያ ነው፣ እንደ ፍጥርጥርህ!" ተባልን። አሁን ደግሞ "ውጭ አገር ሥራ አለ፣ ተመዝገቡ" መጣ። ተመዘገብኩ! ሮማኒያ፣ የመኪና ወንበር ፋብሪካ፣ ዕቃ ጫኝ።

"ሮማኒያ የራሷ ሰው የላትም እንዴ?" አለችኝ ዘቢባ።

"የእነሱ ሰው ጀርመን ሄዶ ነው።"

"የጀርመኑስ?"

እኔ ምን አውቄ!

የቃለ መጠይቁ ቀን ጋሼ ወልዴ ሊተረጉሙልኝ ሱቄ መጡ። በሶሻሊዝሙ ዘመን ሮማኒያ ተልከው ምህንድስና የተማሩ ጡረተኛ ናቸው። "እኛ ልንማር ሄድን፣ እናንተ ወንበር ልትሸከሙ!" እያሉ ስልኩን የክር ጥቅል ላይ አስደገፉት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊቷ የማይፈታ ሴትዮ ብቅ አለች።

"ከመጫን ሌላ ብየዳ ትችላለህ ወይ ትላለች" አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ! መርካቶ ውስጥ ደንበኛ የጠየቀህን ዕቃ "የለም" ትላለህ? ሞተሃላ! "አለ፣ ቁጭ በል!" ትልና በጓሮ ሮጠህ ከጎረቤት ታመጣለህ። ዕድሜ ልኬን የኖርኩት እንዲህ ነው።

"አለ! እንዳትዘጋው በሏት!" ብዬ ወጣሁ። ፊት ለፊት ያለውን በያጅ፣ ከድርን፣ ከነጥቁር መነጽሩ ጎትቼ ስክሪኑ ፊት አቆምኩት። ጠየቀችው፣ መለሰ፣ ፈገግ አለች! ወላሂ፣ ደንበኛ ፈገግ ሲል እኔ ራሴን አላውቅም።

"ሌላስ ምን ትፈልጋለች?"

"አንተ ሰውዬ፣ ስለ አንተ እኮ ነው የምትጠይቀው!" ጋሼ ተቆጡ።

"ይጠይቁልኝ ብቻ!"

"የቆዳ ስፌት... ትላለች።"

"እሱማ እዚሁ አለ!" መጋረጃውን ገለጥኩ። "ዘቢባ! ነይ ቶሎ፣ ደንበኛ ቆሟል!"

ዘቢባ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጥታ የሰፋችውን የቆዳ ቦርሳ አሳየች። ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። ሁለቱ ሴቶች በጋሼ በኩል ብዙ አወሩ። ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ከድርንም ዘቢባንም ትወስዳለች።"

"እኔስ?"

"አንተ ጎበዝ ሻጭ ነህ ትላለች።"

ዘቢባን አየኋት። እምቢ ትላለች ብዬ ነዋ! እሷ ግን ሜትሯን እየጠቀለለች "መቼ ነው የምንሄደው?" አለች።

"ልጆቹስ?" አልኳት።

"አንተ አለህ አይደል?"

ይኸው አለሁ። ጠዋት ጠዋት የሴቷን ልጄን ፀጉር እየጎነጎንኩ አስለቅሳታለሁ፣ ከዚያ ሱቅ እከፍታለሁ። ትናንት አንድ ደንበኛ ሱሪ ይዞ መጣ።

"ዚፕ መቀየር አለ?"

"አለ፣ ቁጭ በል!" አፌ ነዋ! መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ እንደተሸፈነች ነው። ናፈቀችኝ፣ ምን ልበላችሁ። ወጣሁና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "የለም" አልኩ።

ሰውየው ደነገጠ። "መርካቶ ከሌለ የት ላግኝ?"

"ሮማኒያ" አልኩት። "ፊት ለፊት ከድር ይበይድልህ እንዳልል፣ እሱም እዚያው ነው!"