«በጸሎቴ አስብዎታለሁ» ያልኩ ዕለት

ስንለያይ የምንባባለውን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? አንዱ «በጸሎትህ አስበኝ» ይላል። ሌላው «እሺ፣ አንተም አስበኝ» ይላል። ከዚያ አንዱ ወደ አውቶቡስ፣ ሌላው ወደ ባቡር ይሮጣል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ስንቶቻችን ነን ቤት ገብተን ያንን ሰው በጸሎት የምናስበው? እኔ በበኩሌ ከ«ቻው» ለይቼ አላየውም ነበር።

እናቴ እንዲህ አልነበረችም። ደሴ እያለን አንድ ሰው የክርስትና ስሙን ነግሯት አስቢኝ ካላት፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች። ለአንድ ሰው አንድ ቋጠሮ። ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ቋጠሮ ነጠላው ሲታጠብ እንኳ አይፈታም። አባቴ ይሄ ነጠላ ነው ወይስ መዝገብ ቤት እያለ ይቀልድባት ነበር። ጠዋት ጠዋት ቋጠሮዎቹን እየዳሰሰች ስም ስትጠራ፣ እኔ የምነቃው በማላውቃቸው ሰዎች ስም ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። አሁን በምኖርበት ኦስሎ የሚቀሰቅሰኝ ስልኬ ነው።

ወደ ጋሽ አሰፋ ልውሰዳችሁ። ፉሩሴት በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ትራም ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። እዚህ አገር አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን የክረምት ጫማዬን የገዙልኝም እሳቸው። አንድ እሑድ ከኖርዌጂያኖቹ ከምንዋሰው ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ማክሰኞ ልባቸውን ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ የክርስትና ስማቸውን በጆሮዬ ነግረው «አደራህን» አሉኝ።

«በጸሎቴ አስብዎታለሁ» አልኩና ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

ባቡሩ ጋምለ ኦስሎ የሚባለውን ሰፈር ሳያልፍ ስሙ ከጭንቅላቴ ጠፋ። «ገብረ» መሆኑ ትዝ ይለኛል። ገብረ ማን? ገብረ ማርያም? ገብረ ሚካኤል? ደውዬ እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ለነገሩ ያለ ስም ብጸልይስ ማን ይከለክለኛል? አልጸለይኩም። ማክሰኞ ሥራ በዛብኝና ጭራሽ ረሳሁት።

ጋሽ አሰፋ ግን ዳኑ። ከወር በኋላ ከዘራ ይዘው መጡ። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ከሰው ሁሉ ፊት ብድግ ብለው፣ ከሐኪሞቹ ቀጥሎ ያተረፈኝ የዚህ ልጅ ጸሎት ነው አሉ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። ያኔ አልጸለይኩም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ሰዉ ዝምታዬን ትሕትና ነው ብሎ ተረጎመልኝ።

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ። ሁሉም እኔ ጋ መምጣት ጀመረ። የአንዷ ልጅ የነርስነት ፈተና አለባት። አንዱ የመኖሪያ ፈቃድ መልስ እየጠበቀ ነው። አንዷ ደግሞ ባሏ አኩርፎ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሁሉም የክርስትና ስም ይሰጠኛል። አንዱን ዋሽቼ ሳላበቃ ሌላውን እንዴት ልዋሽ? መሀል ከተማ ቢሮ ነው የማጸዳው፤ ስሞቹን በጽዳት ፕሮግራሙ ወረቀት ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ስወለውል የታመሙትን፣ ሦስተኛው ላይ ወረቀት የሚጠብቁትን፣ አራተኛው ላይ ያኮረፉትን እያነሳሁ እጸልያለሁ። አለቃዬ ብቻውን ማውራት ጀመረ ብላ የሕመም እረፍት ልታስወጣኝ ምንም አልቀራት።

ወረቀቱ አናት ላይ ግን «ገብረ» ብሎ የሚቀር አንድ ጎዶሎ ስም ነበር። ልጅቷ ፈተናዋን ስታልፍ እናቷ ጉልበቴን ልትስም ቃጣት። እኔ ግን ያንን ጎዶሎ ስም እያሰብኩ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ለጋሽ አሰፋ እውነቱን ብነግራቸው እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ ሌላ አባት የለኝም። ባልነግራቸው በሳሙኝ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አልቻልኩም። ቤታቸው ሄጄ ገና ሳልቀመጥ ተናገርኩት።

«ጋሽ አሰፋ፣ እኔ ያን ጊዜ አልጸለይኩልዎትም። ስምዎንም ረስቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። ስማቸውን ሲነግሩኝ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ እንደነበር አይተዋል። ታዲያ ለምን በሰው ፊት እንዲያ ብለው ጉድ አደረጉኝ አልኳቸው። ለካ ሆስፒታል ተኝተው ሲያስቡበት ነው የከረሙት።

«ብቆጣህ አፍረህ ትሸሸኛለህ» አሉኝ። «ባመሰግንህ ግን ሳትወድ በግድህ ትጸልያለህ አልኩ።»

ተናደድኩ። መናደዴን ሳልጨርስ ሳቄ መጣ። እኚህ ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው፣ ካህኑ እየሰሙ ዋሽተዋል ማለት እኮ ነው። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። ወረቀቴን አስወጥተው ስማቸውን ፊደል በፊደል አስጻፉኝ። ለካ ገብረ መድኅን ኖሯል።

በማግስቱ እሑድ ንስሐ ልገባ ካህኑ ጋ ስሄድ፣ ጋሽ አሰፋ ቀድመውኝ ወረፋ ይዘዋል። ሲያዩኝ ፈቀቅ ብለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

«አንተ ቅደም፤ ያንተ ቶሎ ያልቃል» አሉኝ። «የኔ ውሸት ሊጸጽተኝ እምቢ ብሏል። ይሄን ለአባ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል።»