ስፌት ገልባጯ እትዬ ሸዋረጋ

የሰው እጅ ሥራ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ግንበኛ ከሆነ የጎረቤቱን አጥር በዓይኑ ይለካል፤ ልብስ ሰፊ ከሆነ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሐዘንተኛውን ኮት ቅምቅማት ይመረምራል። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ፣ በስደት አገር፣ ኦክላንድ ከተማ ቴሌግራፍ አቬኑ አካባቢ፣ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ሸዋረጋ ነበሩ። የሥራ ዘርፋቸው ስፌት ነው።

ሙያውን ከእናታቸው ተማሩ፤ እናታቸውም ከእናታቸው። መሶብ ካዩ ይገለብጡታል። «ፊቱማ ለእንግዳ ነው፤ እውነቱ ያለው ጀርባው ላይ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ወልደገርጊስ ምግብ ቤት ገብተው፣ ሰዎች እየበሉ ሳለ የመሶቡን መክደኛ አነሱና ሦስተኛው ዙር መላላቱን ለበላተኞቹ በዝርዝር አስረዱ። ሳን ሆዜ በተደረገ ሰርግ ላይ ደግሞ ለሙሽራዋ የተሰጠ ሙዳይ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ከቦርሳቸው ወስፌ አውጥተው፣ ኬኩ እስኪቆረስ ግማሹን ተርትረው እንደገና ሰፉት። ሙሽራዋ አመሰገነች። ስጦታውን ያመጣችው ሴት ግን እስከ ፋሲካ አላናገረቻቸውም።

የዚህ ሁሉ ዘመቻ ሾፌርና አስተርጓሚ ልጃቸው ፅጌረዳ ነበረች። ሚልፒታስ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስትበይድ ትውላለች። ስፌት ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ወዲህ ነክታ አታውቅም። ያኔ አንዲት ትንሽ ሰፌድ ጀምራ እናቷ አራት ጊዜ ተረተሩባት። በአምስተኛው ወስፌውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ በዚያው ቀረ። ስለ ጉዳዩ እናትና ልጅ አንስተው አያውቁም።

እትዬ ሸዋረጋን የቸገራቸው ሳር ነበር። የአገራቸው አክርማ እዚህ ስለማይገኝ ከመኪና መስኮት ሆነው ምትኩን ይፈልጋሉ። አንድ ቅዳሜ ፍሪዌይ ላይ «አቁሚ!» አሉ። ፅጌረዳ አንድ ነገር የደረሰባቸው መስሏት ጠርዝ ይዛ ቆመች። እሳቸው እቅፍ ሙሉ ሳር አጭደው ሲመለሱ ፖሊስ ደርሶ ኢመርጀንሲው ምን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ፅጌረዳ እንደ ምንም አስረዳችው። ፖሊሱ ሳሩንም ሴትየዋንም ደጋግሞ አየና፣ የሚከሰስበት አንቀጽ ሳያጣ አልቀረም፣ ሂዱ አላቸው።

በሰማንያ ስድስት ጸደይ ላይ፣ ኤል ሴሪቶ አንድ አዳራሽ ውስጥ ዶሪን የሚባሉ አሮጊት ስፌት እንደሚያሳዩ ተሰማ። ዶሪን የፖሞ ሰው ናቸው፤ ፈረንጅ ሳይመጣ በፊት ከዚያ በስተሰሜን ይኖር የነበረው ሕዝብ ወገን። ስፌታቸውም እንደ እትዬ ሸዋረጋ ከእናትና ከአያት የወረደ ነው፤ የሚሰፉት ግን በሳር ሳይሆን ወንዝ ዳር ተቆፍሮ በሚወጣ ቀጭን ሥር ነው።

ሥራቸው ለተመልካች ሲዞር እትዬ ሸዋረጋ ተቀብለው ገለበጡት። ቆዩ። በጣታቸው ዙር በዙር ዳሰሱ፤ የላላ አጡ። ፅጌረዳ ያመማቸው መስሏት ግንባራቸውን ልትነካ ነበር።

ከዚያም የራሳቸውን ሙዳይ ከቦርሳቸው አውጥተው ለዶሪን ሰጡ። ዶሪንም መነጽራቸውን አስተካክለው ገለበጡት። የእጅ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ሳሩ ግን አይረባም አሉ። ከየት እንደመጣ ጠይቀው ከመንገድ ዳር መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ስትሰፋ በአፏ ታረጥበዋለች?» ሲሉ ፅጌረዳን ጠየቁ።

እትዬ ሸዋረጋ አዎን አሉ። ዶሪን መንገድ ዳር የአረም መድኃኒት እንደሚረጭ፣ የገዛ እህታቸውም ከንፈሯ እስኪቆስል ድረስ ሳታውቅ እንደሠራች ነገሯቸው። እናታቸው ሥር ትቆፍርበት የነበረ፣ ማንም የማይረጭበት ወንዝ ዳር አለ፤ እዚያ ኑ አሉ።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሰዓት ነድተው ሄዱ። ሁለቱ አሮጊቶች አሸዋው ላይ ተንበርክከው ሲቆፍሩ፣ ፅጌረዳ መሐል ሆና የአንዷን ንግግር ለአንዷ ታቀብላለች። ዶሪን ሙያውን ለማን እያስተማሩ እንደሆነ ጠየቁ።

እትዬ ሸዋረጋ ቀና ሳይሉ መለሱ። «ልጄ ከእኔ የበለጠ እጅ ነበራት በያት። እየተረተርኩ ያስጠላኋት እኔ ነኝ። እንዲሁ አድርገሽ ንገሪያት።»

ፅጌረዳ ይህን ያህል ዘመን የጠበቀችው ቃል፣ ለሌላ ሰው እንድታደርሰው ተሰጣት። ውኃውን ጥቂት አየችና በእንግሊዝኛ፣ «እኔን ነው የምታስተምረው» አለች።

ዶሪን ደስ አላቸው።

«ምን አልሻት?» አሉ እናቷ።

«ያልሽውን።»

እትዬ ሸዋረጋ እንግሊዝኛ ባይናገሩም ይሰማሉ። አንድ ረጅም ሥር ስበው አወጡና ጭቃውን በቀሚሳቸው ጠርገው ለልጃቸው አቀበሏት። ሊመለሱ ሲሉ ዶሪን፣ አዲሱ እስኪደርቅ ብለው፣ አምና ካደረቁት አንድ እስር ጨመሩላቸው።

ሰኞ ጠዋት ፅጌረዳ ወስፌውን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ሚልፒታስ ፋብሪካው ደውላ አሞኛል፣ አልመጣም አለች። አለቃዋ ምኗን እንዳመማት ቢጠይቃት «እጄን» አለችው።