ስታድግ ልኳ ይሆናል

ለልጁ በልኩ የሚገዛ ሐበሻ አባት ካያችሁ እባካችሁ አሳዩኝ፤ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ በጋርላንድ ከተማ፣ ጎረቤቴ የሆነው ታደሰ ለልጁ ለሊዲያ የበረዶ ሆኪ ሄልሜት ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ሻጩ «ጭንቅላቷን የሚያድናት ጥብቅ ሲል ነው» ብሎ ቢለምነው፣ «ኦኬ፣ ግን ልጅ እኮ ታድጋለች!» ብሎ የአዋቂውን አነሳ። የትከሻ መከላከያውማ ጉልበቷን ሸፈነላት!

በመጀመሪያው ጨዋታ ገና ሲገፏት ሄልሜቱ ዞረ። ምስኪን፣ በጭፍን ተንሸራትታ የራሷን ቡድን በረኛ ጣለችው።

«ዳዲ፣ አይታየኝም!»

«አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይታይሻል!»

ከስንት ዓመት በኋላ፣ በቀደም ሄልሜቱ ልኳ ሆነ። እሷ ግን ሆኪውን ከተወችው ቆየች። ታደሰ ይህ ያሳስበዋል? «ለታናሿ ይሆናል» አለኝ።

ታናሿ እኮ ገና እየዳኸች ነው።