መሪጌታን ከስንተኛ ደረጃ እናስጀምራቸው?

ሰው «ተረት ውስጥ ብትገባ ማንን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቆጣው ይነግራችኋል። እኔን ስድስት ሰው ይቆጣኛል። ስለዚህ ተራራ የሚያነሣ ጠቢብ መሆን እፈልጋለሁ። ይህ ምን ያስደንቃል?

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የክር ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቋጠሮ ፈላጊ በሉኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ከብበን የተረት ጨዋታ እንጫወታለን። አንዳችን ተራኪ ሆኖ ዓለሙን፣ ሽፍታውን፣ ዘንዶውን ይፈጥራል። የቀረነው እያንዳንዳችን ተረቱ ውስጥ አንድ ሰው እንሆናለን፤ ሰውዬውን ከነችሎታው ወረቀት ላይ ጽፈን «እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን፤ ይሳካ አይሳካ የሚወስነው የምንወረውረው ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው፤ ቁጥሩ ከበዛ ይሳካል። ሰውዬው ብዙ ባየ ቁጥር ደረጃው ከአንድ እስከ ሃያ ከፍ ይላል። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው አይጥ ነክሳው ልትገድለው ትችላለች። ሃያኛ ደረጃ ላይ ያለው ደግሞ፣ ቢያሰኘው፣ ጣናን አድርቆ ጎርጎራ ድረስ በእግሩ ይሻገራል።

ታዲያ ከየት መጀመር ይሻላል? በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀናል፤ መንግሥታት በድንበር ጉዳይ እንዲህ የሚከራከሩ አይመስለኝም። ተራኪያችን ትዕግሥት ፋርማሲስት ናት፤ ሁሉን ነገር በጠብታ መለካት ትወዳለች። አንደኛ ደረጃ ካልሆነ አልተርክም ትላለች፤ የማይፈራ ሰው ምኑ ይተረካል ባይ ናት። ኮሌጅ የሚያስተምረው ሀብታሙ አምስተኛ ይበቃኛል ይላል። ሀብታሙ ምግብ ቤት ገብቶ «ምን ይምጣልህ?» ሲባል «የደረሰውን» የሚል ሰው ስለሆነ አልፈርድበትም። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ላይ ስኖር ከርሜ እሑድንም እዚያው ልዋል እንዴ ብዬ እሞግታለሁ። ተሟግቼም ትዕግሥት ሳትወድ በግዷ ፈቀደችልኝና አባ ነጎድጓድ የተባለ ጠቢብ ፈጠርሁ። በተፈጠረ ዕለት ሃያኛ ደረጃ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የምንጫወተው ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ነበር። የጣና ነፋስ ግን ወረቀት ይወዳል። አንድ ቀን የሀብታሙን ሰው ከነታሪኩ፣ ከነጋሻው አንሥቶ ውኃ ውስጥ ጣለው፤ ሀብታሙ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ነው ያወጣው። ከዚያ ወዲያ ሹም አቦ ሰፈር፣ ሀብታሙ ተከራይቶ ወደሚኖርበት ግቢ በረንዳ ተዛወርን። የግቢው ባለቤት መሪጌታ ይትባረክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በአብነት ትምህርት የፈጁ የቅኔ መምህር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አረፍ ስለሚሉ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጫወተው።

አንድ እሑድ ግን ድምፄን ዝቅ ማድረግ ረሳሁ። ትዕግሥት አንድ ሺህ ጦረኛ አምጥታ ስትከብበኝ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ «ሙታንን ከመቃብር አስነሥቼ አዘምታለሁ!» ብዬ ጮህሁ። ዘወር ስል መሪጌታ በር ላይ ቆመዋል። በዚያች ቅጽበት ከሙታኑ ጋር ቦታ ብለዋወጥ ደስ ይለኝ ነበር።

መሪጌታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ረጋ ብለው ሀብታሙን በግቢያቸው ድግምት የሚደገም ከሆነ አብረው መኖር እንደማይችሉ ነገሩት። እኛ ጨዋታ ነው እያልን ተንጫጫን። «እንግዲያው በሚቀጥለው እሑድ በዓይኔ አያለሁ» አሉ። «ጨዋታ ከሆነ ተጫወቱ። ያኛው ነገር ከሆነ ግን አንተም ልጄ፣ ዕቃህን ሰብስብ።» ባሕር ዳር ውስጥ በሀብታሙ ደመወዝ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው፣ ሀብታሙ ያን ሳምንት ለምን እንደከሳ አይጠይቀኝም።

ማየት ብቻውን አይበቃም፣ አብረውን ይጫወቱ ተባባልን። ያኔ ነው ትልቁ ጥያቄ የመጣው፦ መሪጌታን ከስንተኛ ደረጃ እናስጀምራቸው? ደንቡ አዲስ ሰው ከአንደኛ ይጀምራል ይላል። ግን ደንቡን የጻፉት ሰዎች የኔታ የሚሉት ሰው የላቸውም። እኒህን የመሰሉ አባት አይጥ ታሳድዳቸው? ከእኛ በታች እናስቀምጣቸው? ትዕግሥት እንኳ አፍራ የደንቡን መጽሐፍ ከደነች። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ አባ ነጎድጓድን በሁለት እጄ አቀረብሁ፤ ለትልቅ ሰው ትልቅ ሰው ይገባል።

እሑድ ደረሰ። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡ። ትዕግሥት ተረቱን ጀመረች፤ ግን አንደበቷ አልታዘዝ አላት። የሽፍታው አለቃ ከአርባ ሰዎቹ ጋር ብድግ ብሎ ጤና ይስጥልኝ አላቸው። መንገድ ዘግታ የተኛችው ዘንዶ ሳትቀር «ይለፉ» ብላ ጅራቷን ሰበሰበች። ሀብታሙ ትዕግሥትን በጠረጴዛው ሥር ሲረግጣት ጊዜ ዘንዶዋ ይቅርታ ጠይቃ እሳት ልትተፋ እንደሆነ አስታወቀች። መሪጌታ ይህ ሰው ምን ምን ይችላል ብለው ጠየቁኝ። መብረቁን፣ ተራራውን፣ ሐይቅ ማድረቁን እየኮራሁ ዘረዘርሁላቸው። «እንግዲያ ያጥፋታ» አሉ። ዳይሱ ሁለት አሳየ፤ ለአባ ነጎድጓድ ሁለትም ይበቃዋል። ዘንዶዋ ሞተች። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

«አለቀ?» አሉ። አለቀ አልን።

ወረቀቱን አገላበጡት። ከዚያ የእኔን ዓይን እያዩ «መምህሩ ማን ነው?» አሉኝ። የማን አልሁ። «የዚህ ሰው። ይህን ሁሉ ከማን ተማረው? ስንት ዓመት ደጅ ጠና?» በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እውነቱን ተናገርሁ፦ ከማንም አልተማረም፣ ሲፈጠር ጀምሮ ያውቃል። መሪጌታ በትራቸውን አነሡ። «ሳይማር የሚያውቅማ ጠንቋይ ነው» ብለው ብድግ አሉ። ሀብታሙ በመስኮቱ በኩል አልጋውን ተመለከተ፤ ሰው የሚሰናበተውን ዘመድ እንደዚያ ያያል።

ምን እንዳስያዘኝ አላውቅም፣ እጃቸውን ያዝሁ። «የኔታ፣ ሌላ ሰው አለ!» አልሁ። «ምንም የማያውቅ! ገና አንደኛ ደረጃ!» ይህን የተናገርሁት እኔ ነኝ። ትዕግሥት አፏን ከፍታ አየችኝ።

መሪጌታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምን ያውቃል አሉ። ንባብ ብቻ አልኋቸው። ምን አለው አሉ። ዱላና የቆሎ ከረጢት፣ አራት ነጥብ ሕይወት፤ ነጥቡ ሲያልቅ ይሞታል። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ፈታ አለ። ትዕግሥት ነፍሷ ተመለሰላት፤ ተማሪው ቅኔ ፍለጋ አገር አቋርጦ እንደሄደ፣ ሁለት ቀን እንዳልበላ፣ አንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ስለ ቸሩ እግዚአብሔር» ሲል ከጓሮ ጥጃ የሚያህል ጥቁር ውሻ እንደወጣ ተረከች። ይህ ውሻ ለማንም አይነሣም፣ ለማንም ጤና ይስጥልኝ አይልም።

«ጀርባዬን ለአጥሩ!» አሉ መሪጌታ። «ዱላዬን ዝቅ! ውሻ ዱላ ሽቅብ ካየ ይብስበታል!» ዳይሱን ወረወሩ፤ አራት። ውሻው ባታቸውን ያዘ፤ ከአራቱ ሕይወት አንድ ቀረች። ሀብታሙ ቤቱን ረስቶ ጠረጴዛውን ደበደበ። እኔ መዳፌ ላበኝ። ሁለት ዓመት መብረቅ ስወረውር አንድ ቀን እንኳ ላብ ጠብ አላለኝም፤ አሁን አንድ ነጥብ ሕይወት ላለው፣ አንድ ቁራሽ እንጀራ ለሚለምን ሰው ልቤ ሊፈነዳ ነው! መሪጌታ ዳይሱን በሁለት መዳፋቸው መካከል አሽተው፣ አማትበው፣ ጣሉት። አሥራ አንድ። ትዕግሥት ቁጥሩን ደጋግማ አየችና ይበቃል አለች፤ ልክ ይበቃል። ውሻው እያለከለከ አፈገፈገ። መሪጌታ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ የራሳቸውን ምክር ረስተው በትራቸውን ሽቅብ ይዘው ቆመው «ሂድ! ሂድ ወዲያ!» ይላሉ። እኔም ቆሜ እጮኻለሁ። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ሌባ መጣ ወይ አለን። የቤቱ እመቤት እንጀራ ይዛ ወጣች፤ መሪጌታ እንጀራውን ተቀብለው ቁስሉን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ እዘፍቀዋለሁ አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ከሰዓት የተደሰትሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሀብታሙ ጉሮሮውን ጠርጎ የቤቱን ነገር አነሣ። መሪጌታ ገና ያለከልካሉ። ሀብታሙ ይኑር አሉ። ጨዋታውም በየእሑዱ ይቀጥል፣ ልጅቱ አሳምራ ታስተምራለች፣ እሳቸውም ሁለተኛ ደረጃን ሳያዩ አይቀሩም። «ያ ሳይማር የሚያውቀው ሰውዬ ግን ዛሬውኑ ከግቢዬ ይውጣልኝ።»

ማን ይከራከራቸዋል? ተራራ የሚያነሣው፣ ሐይቅ የሚያደርቀው፣ ሙታን የሚያስነሣው አባ ነጎድጓድ ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት የኪራይ ክፍል አጥቶ፣ አራት ቦታ ታጥፎ በሱሪዬ ኪስ ወጣ።