ሁለት የኪራይ ጎጆዎች

አንዲት ባልቴት «ጭሱ አስቸገረኝ» ካሉ ጭስ ፍለጋ አትሂዱ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። እሳት ነዶበት በማያውቅ ቤት ውስጥ ጭስ ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልኩ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቅደም ተከተል ካልያዝኩ እጨነቃለሁ። «አንተ እኮ ስታወራም መሥመር ታሰምራለህ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ቡሬ ላይ ተቀምጦ በነበረ ጊዜ ነው። አሁን ስለሄደ ሳልፈራ እናገራለሁ። የእኛ መንደር ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ልጃቸው አርበኛ ሆኖ ጫካ የገባባቸው ሰዎች ቤታቸው በጣሊያን ተቃጥሎ ነበር። ጎልማሳው ዘመድ ጋ ተጠጋ። ሽማግሌውስ? የእኛ አገር ሽማግሌ በሰው ቤት መጠጋት እንዴት እንደሚከብደው ታውቁ የለም? ሁለት ቀን ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን «ለከብቶቹ ማደሪያ አጠበብኩባችሁ» ብሎ ከዘራውን ያነሣል።

አንድ ልጃቸው ጫካ የገባባቸው እመት አንጓችም እንደዚሁ ከእኅታቸው ልጅ ቤት ወጥተው ደጀ ሰላም ማደር ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መግቢያ ላይ ያለችው ቤት ማለቴ ነው። ጣሪያ አላት፤ ግድግዳዋ ግን እስከ ወገብ ብቻ ነው። በበጋ ምንም አይልም። ክረምት ግን እየመጣ ነበር፤ እርሳቸውን ደግሞ ያስላቸዋል። ያ ሳል ክረምቱን ደጀ ሰላም ከከረመ መስከረምን እንደማያዩ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የጽዋ ማኅበራችን ተሰብስቦ መከረ። ሁለት ጎጆ እንሥራ ተባለ፤ አንዱ ለእመት አንጓች፣ አንዱ ሚስታቸው ለሞቱባቸውና ልጅ ለሌላቸው ለአባ ጀምበሬ። ለእመት አንጓች ሲነገራቸው «እግዜር ይስጥልን፤ ግን ለምጽዋት ገና አልደረስኩም» አሉ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ ነው የምንለው፣ ጥቂት አሰበና «እንግዲያው እናከራያቸዋለን» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጽሕፈት ስለምችል የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ነገሩን ይዤ ቤቴ ገባሁና ሦስት ቀን አሰብኩበት። ዛሬ በሞቅታ እንሠራለን። የሣር ክዳን ግን ያረጃል። ያኔ ማን ይከድነዋል? ስለዚህ ኪራዩ ክዳኑን ይቻል አልኩ። እመት አንጓች በወር አንድ ልቃቂት ፈትል ይክፈሉ። ፈትሉን የቡሬው ሸማኔ እንድሪስ ይወስድና በምትኩ የክዳን ሣር ያሳጭድልናል። አባ ጀምበሬ ደግሞ ገመድ ይግመዱ፤ ጣሪያው በእሱ ይታሰራል። እኛ ብንሞትም ብንሰደድም ጎጆዎቹ ራሳቸውን በራሳቸው ይከድናሉ ማለት ነው። ይህን ለማኅበሩ ነገርኩ። ተሳስቼ እንዳይሆን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

እመት አንጓች ኪራዩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«በአንድ ልቃቂት? ኧረ ረከሰ። ሁለት አድርገው፣ ልጄ።»

ተከራይ ኪራይ ሲያስጨምር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሥራው ተጀመረ። አናጢያችን አያ ፈንታ ነበሩ። እኔ ለሁሉም ነገር ገመድ ይዤ እለካለሁ፤ ምሰሶ ለምሰሶ፣ መደብ ለመደብ። እርሳቸው «ትናንት ከለካኸው ወዲህ አላደገም» እያሉ ይስቁብኛል። ከሁሉም የኮራሁት በበሮቹ ነው። የጣሊያን መኪና በመንገዱ ያልፋል። ወታደር በር ካየ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱም ጎጆዎች ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ከታች ወዳለው ወንዝ እንዲከፈቱ አደረግሁ። ብልህ ነኝ አልኩ በልቤ። እንዲህ የምለው አልፎ አልፎ ነው።

አባ ጀምበሬ ያለ አንዳች ቃል ገቡ። እመት አንጓች ገቡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩ፣ መረቁን። ከዚያ «ጭሱ ግን አስቸገረኝ» ብለው ወጡ።

የጭሱን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ምንም ባላገኝም ጣሪያው ሥር መተንፈሻ አስወጣሁ። ተመልሰው መጡና «የበሩ ደፍ ከፍ አለብኝ» አሉ። ደፉን አስቀነስኩ። «መደቡ ጠበበኝ» አሉ። እርሳቸው እኮ ደጀ ሰላም በክንድ ተኩል ጥግ ላይ የሚያድሩ ሰው ናቸው! አሰፋሁት። ምስጋናቸው አልጎደለም፤ ምርቃታቸውም። ማታ ማታ ግን ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ደጀ ሰላም።

ዝናቡ ጀመረ። ሳላቸው ከቅዳሴው በላይ ይሰማ ጀመር። እኔ መዝገቤን ገልጬ የት እንደተሳሳትኩ እፈልጋለሁ። አያ ፈንታ መጥረቢያቸውን እየሳሉ አዩኝና፣

«ጎጆውን እንኳ ለክተኸዋል። እሳቸውን መች ለካሃቸው?» አሉኝ።

ተቆጣሁ። ግን እውነት ነበር። በማግሥቱ ደጀ ሰላም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅሁም። እርሳቸው ይፈትላሉ፤ እኔ ዝናቡን አያለሁ። ከሽንዲ በኩል በመንገዱ አንድ ሰው ገሳ ለብሶ ብቅ ሲል እንዝርቱ ቆመ። ሰውየው ቀረበ፤ የጎረቤታችን አሽከር ነው። እንዝርቱ እንደገና ዞረ። ቆይቶ ሌላ ሰው መጣ። እንዝርቱ ቆመ። እኔ የመቁጠር አመል አለብኝ። እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰው አለፈ፤ እንዝርቱም አሥራ አንድ ጊዜ ቆመ።

ለካ እኔ ከጣሊያን አድናቸዋለሁ ብዬ ፊታቸውን ከልጃቸው መንገድ አዙሬባቸው ኖሯል! ደግሞስ እንዴት አድርገው ይንገሩኝ? «ልጄ በዚህ ይመጣል» ማለት ልጄ በሕይወት አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ለጣሊያን ሊያወራ ግድግዳ የሚያዳምጥ ሰው ሞልቶ ነበር። የተሰጠን ቤት በሩ ተሳስቷል ማለትም ነውር ነው።

እየሮጥኩ አያ ፈንታ ጋ ሄድኩ። «በሩ ወደ መንገድ ይዙር» አልኩ።

«ይህችን ለማወቅ ስንት ክንድ ፈጀብህ?»

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ምነው ባይነግሩኝ?»

«አንተ ጸሐፊ ነህ። ብነግርህ ትጽፈዋለህ።»

በማግሥቱ በመንገዱ በኩል ያለውን ማገር ቆርጠን አዲስ በር አወጣን። እመት አንጓች ካፊያው ውስጥ ገሳ ደርበው ቆመው ያያሉ፤ ግቡ ቢባሉ እንቢ። አሮጌውን በር ልንመርግ ጭቃ ስናነሣ ቀረብ አሉ።

«እሱን ተወው፣ የኔ ልጅ። ነፋስ ያስገባልኛል።»

በሐምሌ! የሚያስላቸው ሰው! እኔ ግን ነፋስ ፍለጋ አልሄድኩም። ጭቃውን አስቀመጥኩ። ያን ለት ማታ እመት አንጓች ቤታቸው ገቡ።

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ማለዳ ክዳኑን ለማየት ሄድኩ። በወንዙ በኩል ባለው በር ደፍ ላይ የጭቃ ዱካ ነበር። የእመት አንጓች እግር የሕፃን ያህላል። ይህ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ የተበተኑ፣ ብዙ የሄደ እግር። እጄ ወደ ገመዴ ሄዶ ተመለሰ። ቅጠል ቆርጬ አንድ ሳላስቀር ጠረግሁት። ከውስጥ «ደህና አደርህ ወይ?» አሉኝ። ድምፃቸው ሳል አልነበረበትም።

እንግዲህ አንዱን አድልቼ አንዱን እንዳልበድል ብዬ ወደ አባ ጀምበሬ ጎራ አልኩ። ገመድ ይገምዳሉ።

«የእርስዎንም በር ወደ መንገዱ እናዙረው?»

«መንገድ ላይ ምን አለኝ? ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ።»

«እንግዲያው እንዳለ ይሁን?»

 ገመዱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዞሩት። ቀና ሳይሉ፣

«ወደ አንጓች ደጅ አዙረው» አሉ።

«ለምን፣ አባቴ?»

«እሷ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ስታይ ትውላለች። እሷንስ ማን ያያታል?»

በሩን አዞርነው። ምክንያቱን መዝገብ ላይ ማስፈር ነበረብኝ። «ፀሐይ እንዲገባ» ብዬ ጻፍኩ።