ጋሽ አሜን እጁን ከጫነብህ

«እጸልይልሃለሁ» የሚል ሰው በየመንደሩ ሞልቷል። አብዛኛው ምንም ጉዳት የለውም። ቃሉን ሰጥቶህ መንገዱ ሳይታጠፍ ይረሳሃል፤ አንተም አመስግነህ ትረሳዋለህ፤ ሁለታችሁም በሰላም ታድራላችሁ። አደገኛው ሌላው ዓይነት ነው። እሱ «እጸልይልሃለሁ» አይልም። እዚያው፣ በቆምክበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ስምህን ከነበሽታህ እየጠራ ይጀምራል። ከእንዲህ ያለ ሰው ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፤ ቶሎ «አሜን» ማለት። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም።

ነፍሱን ይማርና፣ ክቡር ጋሽ አሜን የነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሥራው ጸጉር ማስተካከል ነበር፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው። ሌላ ጸሎተኛ እጁን ሊጭንብህ ሲመጣ ገሸሽ ትላለህ። የጋሽ አሜን እጅ ግን ድሮም ራስህ ላይ ነው። አንገትህ ላይ ጨርቅ ታስሯል፣ ግማሽ ጺምህ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል፣ ምላጩ ጉሮሮህ አጠገብ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ጸሎት እሰጥ አገባ የሚገጥም ጀግና እስካሁን አልተወለደም።

ጸጉር ቤቱ ሁለት ወንበርና አንድ አግዳሚ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ነበር። በሩ አጠገብ ያለው የጋሽ አሜን ወንበር ነው፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው የባልደረባው የዝምተኛው። ለዝምተኛውም ስም ያወጡለት ደንበኞች ናቸው፤ ጸጉር አስተካካይ ሆኖ የማያወራ ሰው ብርቅ ሆኖባቸው። «እንዴት ላድርግልህ?» ይላል፤ ሲጨርስ ከኋላህ መስተዋት ይይዝልሃል፤ በቃ። ዝምተኛው እግዚአብሔርን የሚይዘው እንደ ትልቅ የሩቅ ዘመድ ነበር። ያከብረዋል፣ ክፉ አይናገርበትም፣ ግን አያስቸግረውም። ሰው ፊት ድምፅ አውጥቶ መጸለይማ በአደባባይ ልብስ የማውለቅ ያህል ያሳፍረዋል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ከጋሽ አሜን ጎን ቆሞ ዕድሜውን የጨረሰው።

የመምህሩን ነገር እናንሳ። መምህሩ ሲቀመጥ በአንድ ጎኑ ብቻ ማረፉን ጋሽ አሜን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀው። መምህሩም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰለት። የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጸጉሩ ተስተካክሎ ሲያልቅ ጋሽ አሜን ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ፣ መዳፉን ራሱ ላይ ዘረጋና፣ «ጌታ ሆይ» አለ፣ መንገድ ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይህን መምህር ኪንታሮት ይዞታል። ቆሞ ነው የሚያስተምረው፣ ቆሞ ነው ፈተና የሚያርመው። በስተግራ በኩል ነው ጌታዬ፤ ቦታውን አንተ ታውቀዋለህ።» አግዳሚው ላይ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ የአንድ ተማሪው አባት ጋዜጣቸውን ወደ ፊታቸው ከፍ አደረጉ። ጋዜጣው ይንቀጠቀጥ ነበር።

መምህሩ ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ ዝምተኛው ወንበር ተሻገረ። ምን ዋጋ አለው! ጋሽ አሜን የሌላ ሰው ራስ እየላጨ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ አሻግሮ ይጸልይለታል። መንገድ ላይ ሲያየውም ከወዲያ ማዶ ሆኖ፣ «መምህር! መቀመጫህስ?» ይላል። አንድ ቀን መምህሩ በገዛ ፈቃዱ መጥቶ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ በሁለቱም ጎኑ፣ ተደላድሎ ተቀመጠ። «ተሽሎኛል» አለ በሹክሹክታ። «ምስጋናውን ግን እባክህ በልብህ።» ጋሽ አሜን በልብ ማመስገን የሚባል ነገር አያውቅም ነበር።

ቤቱ ባዶ በሆነ ቀን ዝምተኛው ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል ትላለህ። ታዲያ በስተግራ በስተቀኝ እያልክ ለምን ታደክመዋለህ?»

«ወንድሜ፣ ደንበኛ ገብቶ ሲቀመጥ ጸጉሩ ማደጉን አታይም?»

«አያለሁ።»

«ታዲያ ለምንድነው ‹እንዴት ላድርግልህ?› የምትለው?»

ዝምተኛው የሚላጭ ደንበኛ ሳይኖር ማሽኑን አስነሳ።

ደግሞ እንዳይመስላችሁ፤ ጋሽ አሜን የለመነው ሁሉ አይሆንለትም ነበር። አንዴ ጎረምሶቹ ዓይናቸውን በጨው አጥበው መጡና ለሰፈሩ የእግር ኳስ ቡድን እንዲጸልይ ያዙት። እሱም አሰበ አሰበና ለሁለቱም በረኞች ጸለየ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ ተለያየ፤ ሰፈሩ አኮረፈው። ሌላ ቀን ደግሞ ሙሽራ እያስተካከለ ሳለ፣ የሰውየው ራስ ግማሹ እንደተላጨ መብራት ጠፋ። ሚዜዎቹ ውጭ መኪና አስነስተው ይጠብቃሉ። ጋሽ አሜን እጁን ጭኖ ስለ መብራቱ በሰፊው ጸለየ፤ የተቋረጠው ከየትኛው ምሰሶ እንደሆነ ሳይቀር ለአምላኩ ጠቆመ። መብራቱ አልመጣም። ወንበሩን ወደ በሩ ብርሃን ጎትቶ በመቀስ መጨረስ ጀመረ።

«አልሰማህም ማለት ነው» አለ ዝምተኛው፣ ደስ ብሎት።

«ሰምቶኛል» አለ ጋሽ አሜን። «በመቀስ ጨርስ ነው ያለኝ።»

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ትከራከራለህ? የዝምተኛው ሚስት ታማ ወር ሙሉ የተኛች ጊዜም እንዲሁ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ ጋሽ አሜን ተከትሎት ቤቱ ይገባል። ክንዱን ሰብስቦ የተጠራቀመውን ሳህን ያጥባል። እያጠበም ስለ ሕመሟ ይጸልያል፤ በመካከሉ ለተቃጠለው ድስትም ያማልዳል። ሚስትየው ዳነች። ድስቱ ግን ተጣለ።

ከዕለታት አንድ ቀን ድምፁ ሻከረ። ብርድ ነው ተባለ፤ ማር ተባለ፤ ሙቅ ውኃ ተባለ። ጋሽ አሜን አሁን በሹክሹክታ ነበር የሚጸልየው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተመኘው ቀን መጣ ማለት ነው፤ ገመናው በጓዳው ሊቀርለት። ግን የሰው ነገር አይገባም። ደንበኞቹ ተስተካክለው ካበቁ በኋላ ከወንበሩ አይነሱም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ያ መምህር ራሱ አንድ ቀን ሹክሹክታውን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ደህና አልሰማሁትም፤ እስቲ ድገመው» አለው።

ሐኪሞቹ ጉሮሮው ውስጥ እባጭ አገኙ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። በዚህ ላይ ቁስሉ አመረቀዘና ትኩሳት ለቀቀበት። «ትኩሳቱ ከወረደ ይተርፋል» አለች ሐኪሟ ለባለቤቱ። ካልወረደስ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በየቀኑ እየመጡ አልጋውን ከበው ይጸልዩለታል። ያማረ ጸሎት ነው፤ ዝምተኛው ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰምቶታል። «አንተ ታውቃለህ፣ ፈቃድህ ይሁን» የሚል፣ ረጋ ያለ፣ የተማረ ሰው ጸሎት። ጋሽ አሜን አክብሮ ያዳምጣል። ሲወጡ ግን ጣራ ጣራውን ያያል። አንዳቸውም የጉሮሮውን ስም አልጠሩም።

ዝምተኛው ከሰዓት በኋላ ሳህን፣ ፎጣና ምላጭ ይዞ ገባ። «ጺምህ ተንጨፍርሮ ሽፍታ መስለሃል» አለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አረፋውን ቀባው፤ ጉንጩን፣ አገጩን፣ በመጨረሻም የአንገቱን ፋሻ ዳር ዳሩን ትንፋሹን ይዞ ላጨው። ቆዳው እንደ እሳት ይፋጃል። ፊቱን አድርቆለት ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል ጋሽ አሜን እጁን ያዘው። ጎትቶ የገዛ አናቱ ላይ አስቀመጠው።

ዝምተኛው ነገሩ ገባው። እንዳልገባው ሆነ።

«ራስህን አሞሃል?»

ጋሽ አሜን አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ፓስተሩን ልጥራልህ?»

አሁንም አይደለም። እጁን ግን አልለቀቀውም።

ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ። ነርሷ መስኮቱ ሥር አንሶላ ታጥፋለች፤ የጎረቤት አልጋው በሽተኛ፣ አንድ ወፈር ያለ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ትራሱን ተደግፎ ፊት ለፊት ያየዋል። ዝምተኛው አንድ ጊዜ በሩን አየ፣ አንድ ጊዜ ጓደኛውን አየ።

«ጌታ ሆይ» አለ በመጨረሻ፤ የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። «እንደምን… እንደምን ዋልክ?»

የጋሽ አሜን ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ዝምተኛው ያለቀሰ መስሎት ጎንበስ ብሎ ሲያየው፣ ሰውየው ያለ ድምፅ እየሳቀ ነው።

«ሳቅ አንተ!» አለና እንደገና ዓይኑን ጨፈነ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰውዬ ያመመው ጉሮሮው ነው። ከፋሻው ሥር፣ በስተቀኝ። ቁስሉ ነው ትኩሳቱን ያመጣው፤ እሱን አውርድለት። ድምፁንም መልስለት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲጮህ ሥራ ያስፈታኛል። ማሽኔን አስነስቼ የማልሰማ እመስላለሁ፤ ለኔ ሲጸልይ ግን አጠፋዋለሁ።» መዳፉን ጓደኛው አናት ላይ አደላደለ። «ወንበሩ ላይ ሰው ሊቀመጥ ሲል እቆጣለሁ። ደንበኛ እያባረርኩ ነው። እኔ ከሰው የምገጥም ሰው አይደለሁም፤ ያለኝ ጓደኛ ይኸው ነው፤ የሰጠኸኝም አንተ ነህ። ተውልኝ። ሌላ ምንም አልልህም፤ ተውልኝ።»

እዚያ ላይ ቃል አለቀበትና ቆመ። ጋሽ አሜን አንድ ጣቱን አንስቶ ይጠብቃል።

«አሜን» አለ ሹፌሩ ከጎረቤት አልጋ።

ዝምተኛው በዚያ ቀን ከሆስፒታሉ ሲወጣ ልቡ ሙሉ ነበር። ቦታውን ሳይቀር ነግሮታል፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

በማግስቱ ጠዋት የጸጉር ቤቱን ቁልፍ እያዞረ ሳለ የጋሽ አሜን ባለቤት ደወለች። ብዙ አላወራችም። ትኩሳቱ አልወረደም። እሷ ተመልሳ ወደዚያ ክፍል መግባት ስላልቻለች፣ ዕቃውን እሱ እንዲያወጣላት ለመነችው።

አልጋው አንሶላው ተገፎ ፍራሹ ብቻ ቀርቷል። ዝምተኛው ሸበጡንና ሹራቡን በፌስታል ከተተ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ ሹፌሩ።

«ነገርኩት እኮ!» አለ ዝምተኛው። «ሰምተሃል፤ ምስክሬ ነህ። በስተቀኝ ብዬ፣ ከፋሻው ሥር ብዬ ነገርኩት። ምን ቀረኝ?»

ሹፌሩም ራሱ የሆስፒታል ጋውን ለብሶ፣ ስስ ቆብ አድርጎ ተቀምጧል። በሩ ላይ ባለጎማ አልጋ ቆሟል።

«እኔንም አሁን ለቀዶ ጥገና ሊወስዱኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ኩላሊቴን ነው። ልጆቼ ገና መንገድ ላይ ናቸው።»

አልለመነውም። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ ጸጉር ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ዝምተኛው ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ቆመ። ሆዱ ብሶታል። ትቶት ቢወጣ የሚፈርድበት ሰው የለም። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሹፌሩ ራስ ላይ ጫነ።

«ጌታ ሆይ፣ ተቀይሜሃለሁ» አለ፣ ኮሪደሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «የኔንና ያንተን ነገር በኋላ እንነጋገርበታለን። ይህ ሰውዬ ግን የለበትም።» ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ወደ ሹፌሩ ጎንበስ አለ። «የቱ ኩላሊት ነው?»

«የግራው።»

«የግራው ነው» አለ ዝምተኛው፣ ፊቱን ወደ ላይ መልሶ። «አደራ።»